ባለ አራት ክፍሉ ማርሚታ

ያን ጠዋት ላንድሮቨሬን ሳስነሳት ያገሳችው ማገሳት የጎረቤትን ውሻ አጥር አዘለለው። እኔም ዘልዬ ወረድኩ፤ ሞተሩ የፈነዳ መስሎኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ማርሚታው የለም። የጭሱን ድምፅ የሚያበርደው ያ የቆርቆሮ ሆድ በመጋዝ ተቆርጦ ሄዷል። ሌባው የቀረውን ቧንቧ እንዳይንጠለጠል በሽቦ አስሮልኛል። ባለሙያ ነው። መኪናዋ የምታድረው ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ነው፤ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም።

"ምን ይሰማሃል?" አለች ሚስቴ። "እሱ መጋዙን ሲስብ አንተ ስታንኮራፋ፣ ተቀባብላችሁ ነው የቆረጣችሁት።"

በደርግ ጊዜ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገባም። የአንዱ መኪና የሚድነው የሌላው ሲታመም ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ መርካቶን ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ አዘነልኝና "ሳምንት ብትጠብቅ ያንተኑ ራሱን ሳያመጡልኝ አይቀሩም" አለኝ።

መጠበቅ አልችልም። የዓመቱን ምርመራ የሚያደርገው ተቆጣጣሪ ደብረ ብርሃን ሊመጣ አሥር ቀን ቀርቶታል። እሱ ካላሳለፈኝ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ የአንኮበር ስምሪቴ ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። ያን መስመር ደግሞ እንደ አባቴ ርስት ነበር የማየው። የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ጭጋግ እንደሚተኛ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ስነዳ ማርሚታ ውስጥ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም፤ ግን ይሄን ማን ያምናል? ምድጃና ባልዲ ወደሚሠሩት ሰውዬ ሄጄ ከበርሜል ቆርቆሮ አንድ ሆድ አስቀጠቀጥኩ።

"ውስጡስ?" አሉኝ።

"ውስጡን ለእኔ ይተዉት ጋሼ" አልኩ፣ እንደ ኢንጂነር።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቢያስል አይሰማም። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የበግ ጠጉር አይታጣም። ጠቅጥቄ ሞላሁት።

ስትነሳ ዝም። ድመት ሆነች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተሳፋሪ ጫንኩና ወደ አንኮበር መንገድ ጀመርኩ። ከተማውን ሳንርቅ ከወለሉ ሥር ሽታ መጣ፤ የተለበለበ የበግ ጭንቅላት ሽታ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ መጀመሪያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ዓርብ ነው አባቴ።"

"ጾሙስ?"

"ሁዳዴ።"

"አውቀህ ነዋ።"

ከኋላ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ተቀበለ። "እኔ እንኳን ሁዳዴ የለብኝም" አለ። "ግን ወላሂ ማን እንደባረከው ካልነገርከኝ አልቀምስም።"

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ቄሱም ሳይቀሩ። ሳቁ ሳያልቅ ያረረው ጠጉር መውጫውን ደፈነውና ሞተሩ ታፍኖ ቀጥ አለ። ወርጄ ያን ሆድ ፈትቼ ከኋላ ጫንኩትና፣ እንደ አንበሳ እያገሳን አንኮበር ገባን።

ቤት ተመልሼ ለሚስቴ ስነግራት እስክትጠግብ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "ነፋስ ይታፈናል እንዴ?" አለችኝ። "በራችንን አታየውም?"

የእኛ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም። የቤታችን የውጪው በርና የውስጡ በር ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መሐላቸው ግድግዳ አለ። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ ከግድግዳው ይላተምና ሌላውን በር ሲፈልግ ይደክመዋል።

"ለጭሱም በር ለበር አትግጠምለት" አለች። "አዙረው፣ ይድከመው።"

በማግሥቱ ሆዱን ይዤ ባለ ምድጃው ዘንድ ተመለስኩ። ከፈትነው፣ አመዱን አራገፍነው፣ ሦስት የቆርቆሮ ግርዶሽ ከተትንበት፤ የአንዱ ቀዳዳ ወደ ላይ፣ የሚቀጥለው ወደ ታች። ሰውዬው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አራት ክፍል ሆነ እኮ። ትርፍ ቤት ነው ብሎ ቀበሌ እንዳይወርስህ።"

የምርመራው ቀን ደረሰ። ተቆጣጣሪው ፈገግታ የማያውቅ ሰው ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁለት ሾፌሮች መልሷቸዋል።

"አስነሳ ጓድ።"

አስነሳሁ። ጆሮውን አዘነበለ።

"ነዳጅ ስጠው።"

ሰጠሁት። መዳፉን መውጫው ላይ አደረገ፤ ትንፋሹ ይመጣል፣ ጩኸቱ የለም። በካፖርቱ ተንበርክኮ ሥሯን አየና መዶሻ ያጎባበጠውን ሆድ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

"ይሄ የየት አገር ሥራ ነው?"

ያን ሰሞን ሙሉ "ጣሊያን" ልል ተለማምጄ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

"እዚሁ ነው ጓድ የተሠራው። ፕላኑን ያወጣችው ሚስቴ ናት።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ታዲያ እሷ ለምን አትነዳም?" አለና ፈረመ።

ቦሎውን መስተዋቱ ላይ ለጥፌ በቀጥታ ወደ ቤት ነዳሁ። ሚስቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከተማውን አንድ ዙር አዞርኳት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሙሽራ። ድምፅ የለንምና አንድም ሰው ዞሮ አላየንም። ሰው ሳያየኝ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።