የአያ ሰይድ ማሞቂያ

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ወሎ በረሃብ የተፈታበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ተሳፍሬያለሁ፤ ብዙ ሰውም ቀብሬያለሁ። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሄድንባትን ያችን አሮጌ ላንድሮቨር ግን አልረሳትም። አንዲት ሴት ከነልጇ ከእሷ ላይ ለሞት ልትጣል ነበርና።

የመኪናዋ ባለቤትም ሾፌርም አያ ሰይድ ነበር። መኪናዋ ያን ጊዜም ያረጀች ነበረች፤ እሱ ግን እንደ ሰርገኛ በቅሎ ነበር የሚንከባከባት። ጠዋት ዱዓ አድርጎ፣ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ ሳያደርግ አያስነሳትም። የድሮው ማሞቂያዋ የሾፌሩን እግር ብቻ ነበር የሚያሞቀው። እኛ ከኋላ፣ በሸራው ሥር የምንቀመጠው፣ ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር። ይህ ከንክኖት ደሴ አዲስ አሠራ። በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ የቆርቆሮ ሳጥን አስገጠመ፤ ቱቦው ሲግል በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና በወለሉ ቀዳዳ በኩል ወደ እኛ ይመጣል።

«አብሽሩ! ዛሬ ጉጉፍቱን በሸሚዝ ነው የምናልፋት!» አለን ስንሳፈር።

ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ሌሎቹ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሁለት ገበሬዎችና ልጇን ያዘለች አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሴትዮዋ ከእርዳታ እህል ትንሽ አግኝታ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ነጋዴው ገና ሲገባ ቀዳዳው አጠገብ ሊደላደል አለ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም።

«ሙቀቱ የሁላችንም ነው። በተራ እንቀመጣለን፤ መጀመሪያ በዕድሜ የሚበልጥ» አልኩ። እያጉረመረመ ተነሣላት፤ እናቴ ተቀመጠች።

ከደሴ ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን እናቴ ራሴን አለች። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ ዓይኗ ክድን ክድን ይል ጀመር፤ ብጠራትም አትመልስልኝም። እኔንም ጭንቅላቴን ይወቅረኝ ነበር፤ ያ ጊዜ ራስ ያላመመው ሰው ስላልነበረ የጠኔ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ነጋዴው ግን ሸክላ ሠሪዋን አየ። ከእናቴ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠችው።

«በላቻት!» ብሎ ጮኸ። «ከደሴ ጀምሮ ዓይኗን አልነቀለችም። አያ ሰይድ! አቁም! ቡዳ ጭነሃል!»

መኪናዋ ጉጉፍቱ ላይ፣ ንፋሱ በሚያፏጭበት ሜዳ ቆመች። እናቴን አውርደን መሬት ላይ አጋደምናት። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፤ ውሃ አለች።

«አያችሁ? ከዓይኗ ስትርቅ ዳነች!» አለ ነጋዴው። ገበሬዎቹም አማተቡ። «እዚሁ ትውረድ።»

ሴትዮዋ ልጇን አዝላ፣ እህሏን ይዛ ልትሄድ ተነሣች። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፤ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም።

እጇን ያዝኳት። «የታመመችው የኔ እናት ናት። ከሳሽ ካስፈለገ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልከሰስኩም» አልኩ።

«ቀጥሎ አንቺን ትበላሻለች፣ እቴ!» አለ ነጋዴው።

«እሺ። እሷና እናቴ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡ። የቀዳዳው ተራ አሁን ያንተ ነው። ማንን እንደምትበላ እናያለን።»

ነጋዴው ሙቀቱን ስለሚፈልግ ደስ አለው። አያ ሰይድ ከጎኑ የነበረውን የስኳር ጆንያ ወደ ኋላ አዛውሮ ሁለቱን አስቀመጣቸው። ነጋዴው እግሩን ቀዳዳው ላይ ዘርግቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስለ ቡዳ ያወራልን ጀመር። ብዙም አልሄድን፤ ወሬው ተንተባተበ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ራሴን» አለ፤ ወዲያው ጆንያው ላይ አስመለሰ።

የሾፌሩን ክፍል መስኮት ደበደብኩ። «አያ ሰይድ! ሴትዮዋ ካንተ ጋር ናት፤ ይኸን ማን በላው?»

አያ ሰይድ መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መኪናዋን አቆመና፣ ነጋዴውን አውርደን አየር ስናስወስደው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የጭስ ማውጫውን ጫፍ በጨርቅ ወትፎ፣ ጭሱ የሚያፈተልክበትን በመዳፉ እየፈለገ ቱቦውን ተከተለ። ሲወጣ እጁ ጥላሸት ነበር። ሳጥኑ ሲታሰር ቱቦውን ስቦ ከመገጣጠሚያው አላቆት ኖሯል። ጭሱ ወደ ኋላ መውጣቱን ትቶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ከሙቀቱ ጋር እኛን ይበላል።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ፣ ቡዳዋስ ይቺው የኔዋ ናት» አለ መኪናዋን እያሳየ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀዳዳውን በጆንያ ጠቀጠቀው፤ ሸራውንም ከኋላ ገለጠው። ነጋዴው በእግሩ ሲቆም «ሁላችሁም አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

«ሁላችንን አይደለም የወነጀልከው። ስሟን ጠርተህ እሷን በል» አልኩት።

ስሟን አያውቅም። ማናችንም አናውቅም ነበር። ጠየቃት።

«ዘነቡ» አለች።

«ዘነቡ፣ አውፍ በይኝ።»

ፊቷን አዞረችበት። እኔም እሰይ አልኩ። እናቴን ከፊት ትታ ከእኛ ጋር ከኋላ ገባች። ንፋሱ እንደ ምላጭ ይቆርጥ ነበር፤ ነጋዴው ከሕመሙ ጋር ይንዘፈዘፋል፤ ጋቢውም በትውኪያ ርሷል። ዘነቡ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ጥግ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ልጇን የሸፈነችበትን ቡሉኮ ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እስከ አቀስታ እንደዚያ ሄድን። እዚያ ወረደች፤ ዳግም አላየኋትም።

አሁን እናቴም አያ ሰይድም የሉም። የዛሬው መኪና ይሞቃል፤ ሰውም ጆሮውን ደፍኖ ይተኛል። እኔ ግን ያችን ሸራዋ የተገለጠ፣ ብርዳም መኪና እናፍቃታለሁ። ሰው ሁሉ የሚገባውን ያግኝ እያልኩ ዕድሜዬን ስሟገት ኖርኩ። ለዚያ ሰውዬ ያ ቡሉኮ አይገባውም ነበር። ዘነቡን ባገኛት ይህን ዛሬም እነግራታለሁ፤ ምን ብላ እንደምትመልስልኝ ግን እፈራለሁ።