ያላደርኩበት ቤት

ደሴ ላይ ባሠራሁት ቤት አንድም ሌሊት አድሬ አላውቅም። ጅዳ በሰው ቤት ወጥ እየሠራሁ፣ ግድግዳው ሲቆም በስልክ አየሁት፤ ቆርቆሮው ሲመታ በስልክ ሰማሁት። በሕልሜ ግን ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! ጉሙ ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ይመጣል፤ ሳያንኳኳ ይገባል፤ እኔም ተከትዬው እገባለሁ። ሕልም መሆኑን እያወቅኩ እግሬን ይበርደኛል።

እዚያ ቤት የኖረችው እናቴ ናት። ኋላ ጉልበቷ አልችል አለ። የደሴ ብርድ ለወጣትም አይመችም፤ እሷማ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ስትከርም ተሻላት። "እዚህ እኮ ያለ ዱላ እሄዳለሁ" ስትለኝ ነገሩ አለቀ። የደሴው ተሽጦ ኮምቦልቻ ቤት እንዲገዛላት፣ ቆንስላ ሄጄ ለወንድሜ ውክልና ሰጠሁ፤ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስለ እኔ ሆኖ ለመፈረም። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም።

ገዢው ሐርቡ ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ አዛውንት ናቸው። ልጆቻቸውን ደሴ ሊያስተምሩ ነው ቤቱን የፈለጉት። ከወንድሜ ጋር በሁሉም ተስማሙ፤ ሊፈርሙ ሲሉ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡት አሉ።

"ውክልናውን አይቻለሁ። የባለቤቲቱን ሐላል ግን ከአፏ አልሰማሁም። ልቧ ያልለቀቀው ቤት ውስጥ ልጆቼን አላስተኛም።"

ደሜ ፈላ። "ወይ ጉድ! ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት የሽንኩርት ገበሬ ይመልሰው ጀመር? ታዲያ እኔ ቆንስላ ደጅ ለምን ተጉላላሁ?" ብዬ ወንድሜ ላይ ጮህኩበት። እሱ ምን በወጣው! ስልኩን ለሳቸው ሰጣቸው።

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ።"

"ወአለይኩም ሰላም አባባ። ቤቱን ወደዱት?"

"ወድጄዋለሁ። አንቺስ ለቀቅሽው?"

"ሐላል ይሁንልዎ" ማለት ምን ይከብዳል? ወላሂ፣ ልለው አፌን ከፍቻለሁ። ቃሉ አልወጣ አለ። "አላደርኩበትም እኮ አባባ፤ አንድ ቀን እንኳ!" ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሳቸው ፊት እንዲያ መሆኔ አሳፈረኝ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ። "ሽንኩርትም ሳይደርስ አይነቀልም። እስከ ጁምዓ እጠብቅሻለሁ።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ደወለችልኝ።

"ለመሸጥ ወንድምሽን ወክለሻል፤ ለማደር ደግሞ እኔን ወክዪኝ።"

"ኧረ በአላህ እማ! በዚህ ክረምት? ጉልበትሽስ?"

"ዝም በይ። ለዚህኛው ቆንስላ አያስፈልግም፤ እሺ በይኝ ብቻ።"

እሺ አልኳት።

በዚያ ቤት ለኔ ብላ የዘጋችው ክፍል ነበረ። አልጋው ላይ ያለው ፍራሽ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። እንግዳ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢታመም፣ "ይኼ የሷ ነው፤ ስትመጣ ትተኛበታለች" እያለች ማንንም አላስተኛችበትም። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ በሚኒባስ ይዟት ሐረጎን ወጣ። እኔም ጅዳ በጊዜ ተኛሁ፤ ሕልሙ ግን አልመጣም። ጉምም የለ፣ በርም የለ። ድብን ያለ እንቅልፍ ብቻ።

ጠዋት ደወልኩ።

"እንዴት አደርሽ እማ?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ያደርሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ብርዱ ድምጿን ዘግቶታል። "ላስቲኩን ገፈፍኩልሽ። መጀመሪያ በረደሽ፤ ጋቢ ደረብሽ። ኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነቃሽ፤ ተኝተሽ አዳመጥሽው። ደስ አለሽ። ሲነጋጋ መስኮቱን ከፈትሽ፤ ጉሙ ገብቶ ፊትሽን አራሰው። እንቅልፍሽን ጠግበሻል ልጄ።"

እያለቀስኩም እየሳቅኩም፣ "ጉልበቴስ እማ? አመመኝ?" አልኳት።

"አሞሻል" አለችኝ። "ግን አልቆጨሽም።"

ሽማግሌው በጠዋት መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል አለችኝ። ስልኩን እንድትሰጣቸው ነገርኳት።

"ሐላል ይሁንልዎ አባባ" አልኳቸው። "አድሬበታለሁ።"