ድንበር ላይ የተከልኩት ጦስኝ

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ድንበር ይገፋ ነበር። ፊት ለፊቱ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። በአንድ ቀን ቢገፋማ አገር አይቶ ይፈርድበት ነበር። እሱ በየዓመቱ ሲያርስ አንዲት ትልም ብቻ ወደ ጓሯችን ይሻገራል። አባቴ በሕይወት ሳለ አልሞከራትም። ከሞተ ወዲህ የእናቴ የድንች መደብ እየጠበበ፣ የሱ የገብስ ማሳ እየሰፋ ሄደ። እኔ ባሌን ፈትቼ እናቴ ቤት ገብቻለሁ፤ ከዚያች ጓሮ ሌላ የምንበላበት አልነበረንም።

"የባሌ ታላቅ ናቸው፣ ምን እላቸዋለሁ?" ትላለች እናቴ። እኔ ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ጊዜ ደግሞ ንፋስ መውጫ ድረስ ሄዶ መካሰስ ለደኻ ሴት የሚሞከር አይደለም፤ ቀጠሮው ብቻ ይፈጃታል።

ስለዚህ ከጉና ወገብ ጦስኝ ከነአፈሩ በዶማ እየገሸለጥኩ አመጣሁና ድንበሩን ይዤ ከዳር እስከ ዳር ተከልኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ "ለሽሮ ነው" እላለሁ። ጦስኝ ሽቅብ አያድግም። መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ሥር ይሰዳል፣ ሲቆይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ፍግ አይወድም፤ ፍግ ከጠገበ ይለመልማል እንጂ አይሸትም። ድንጋያማ፣ ውኃ የማይተኛበት መሬት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ክረምት አረሙን መንቀል ነው፣ ከዚያ መተው። እኔ እያረምኩ አጎቴን እረግም ነበር። አበባው ፈክቶ ድንበሩ ወይን ጠጅ ሲለብስ፣ ድንበራችን የት እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ እያየ አለፈ። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር።

አጎቴ ግን ምን ገዶት። ገብስ ሊዘራ ሲያርስ ምንጣፉን ከሥሩ ገለበጠውና አለፈ። አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ገብሱ ሲታጨድ ዝምታዬ ከፈለኝ። ማረሻው ከድንበሩ የቦጨቀው ጦስኝ በትልሙ እየተጎተተ ማሳው መሃል ድረስ ገብቶ ሥር ሰዷል፤ ቃርሚያው ውስጥ ለምለሙን አየሁት። ብናገር ነቅሎ እንደሚጥለው አውቃለሁ። ለእናቴ እንኳን ሳልነግር ሽማግሌ አስጠራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባታችን ድንበሩ ላይ ቆሙ። አጎቴ በእግዜር ስም ማለ። "ማረሻዬ ያንን ጦስኝ ነክቶት አያውቅም። ራሷ ነቅላ ነው ስሜን የምታጠፋው" አለ።

ይምል ዘንድ ነበር የጠበቅሁት። ሽማግሌዎቹን ማሳው መሃል ወስጄ አሳየኋቸው።

"ይኼስ ከየት መጣ?" አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

"ማረሻ ጎትቶት ይሆናላ!" አለ።

ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መሬቱን እንዲመልስ፣ በሐሰት በመማሉም ድንጋይ ተሸክሞ እናቴን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። መጣ። ትልቅ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ደጃፋችን ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። በወጉ እናቴ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ስትል ድንጋዩን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ የበደላትን ሁሉ ይቅር የምትል ሴት ናት፤ ስለዚህ ተናድጄ ነበር።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ሊያወርደው ሲል "እዚህ አያውርዱት፣ ይከተሉኝ" አለችው።

ፊት ፊት እየሄደች ጓሮውን አቋረጠች። እሱ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላው ተከተሏት። ጦስኙ የተገለበጠበት ድንበር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ያውርዱልኝ።"

ተንበርክኮ በገዛ እጁ ድንበራችን ላይ አስቀመጠው። ዝምተኛዋ እናቴ ስንት ዘመን ምን ቋጥራ እንደኖረች ያን ቀን ገባኝ።

የይቅርታ ድንጋይ የሚነቅል ሰው ባገራችን የለም። እናቴ ይቅር ብላዋለች፤ እኔ አላልኩትም። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እዚያ ድንጋይ ጋ ሲደርስ በሬዎቹን ሲያዞር፣ ሥራዬን ትቼ ቆሜ አየው ነበር።