ብዙኃኑ ኀ ያለበት «ደኅና»

ሰፈራችን ሲፈርስ ሰው ብፌና አልጋ ሲጭን እኔ ሞደሜን በጉያዬ ይዤ ወጣሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የምሰካበት መስመር እንኳ የለኝም። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ግን የጋለ ፕላስቲክና የፎቶ ኮፒ ቀለም ይሸተኛል። ያን ጊዜ ካዛንቺስ ተመልሼ እገባለሁ፤ ንዴቴም አብሮኝ ይገባል።

ያኔ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ፤ ከጀርባዋ አንዲት ጠባብ ክፍል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሰማያዊው የፕላስቲክ ጣሪያ ስታልፍ የሁላችንም ፊት ሰማያዊ ይሆናል። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች «ለገሃር፣ ለገሃር» ይላሉ፤ ከውስጥ ሞደሙ መስመር ሲፈልግ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። በካቻቪቴ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። በዚያ ሰፈር ዲግሪ የያዘ ሁሉ ማሽኑ ሲቆምበት ወዴት እንደሚሮጥ ያውቅ ነበር። ጉራ ነው ብትለኝም ልክ ነህ፤ ግን እውነት ነው።

ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረች ሴት። ጸሐፊዋ የእኔ እኩያ ነበረች፤ ቁልፍ ስትመታ ጣቶቿን አታይም። የአማርኛ የፊደል ስህተት የሚያርም ፕሮግራም እንሠራ ነበር፤ የፈለገ በነፃ የሚወስደው፣ የፈለገ ኮዱን ከፍቶ የሚያሻሽለው። እሷ ከሀ ጀምራ ቃላት ትሰበስባለች፣ እኔና ተማሪው ኮዱን እንጽፋለን። ከየከተማው ሊያግዙን የሚፈልጉ ሲበዙ ሁላችንም የምንነጋገርበት አንድ ቦታ መምረጥ ግድ ሆነ።

ተማሪው ያመጣውን የመወያያ መሣሪያ ሁሉ በአንድ ቃል ፈተንኩት። መፈለጊያው ላይ «ሥራ» ብዬ በንጉሡ ሠ እጽፋለሁ፤ በእሳቱ ሰ የተጻፈውን «ስራ» አብሮ ካላመጣልኝ ወደቀ። አማርኛን ሰው ሁሉ እንዳሻው ነው የሚጽፈው። ፍለጋው ይህን ካላወቀ፣ ከተነጋገርነው ግማሹ ጉድጓድ ገባ ማለት ነው። ይህ ፈተና የእኔ ፈጠራ ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም አላሰበውም። ሁሉም ወደቁ። ስለዚህ መወያያ ያለው ድረ ገጽ በራሴ እጅ ሠራሁ። የእኔ አለፈ።

ተማሪው ግን ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ በቃ በኢሜል ቡድን እንሂድ። ማለቴ፣ ኢሜል ሁሉም ሰው አለው። የእርስዎ ሳይት እስኪከፈት እኮ ሰው ምሳ በልቶ ይመለሳል።»

«ይብላ» አልኩት። «የጻፈውን ነገር ፈልጎ ሲያጣ ምን እንደሚበላ እናያለን።»

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ተማሪው ለኢሜል እጁን አወጣ። ጸሐፊዋም አወጣች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አታፍጥጥብኝ» አለችኝ። «ቢሮዬ ውስጥ የሚከፈትልኝ ኢሜል ብቻ ነው። ያንተ ድረ ገጽ ላይ እኔ የለሁም።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እስከ ባምቢስ ድረስ ብቻዬን እየተራገምኩ ሄድኩ፤ ከዚያም ብዙ ቀን አላናገርኳቸውም። የተመለስኩት ኮዱ ያለ እኔ ስለማይሄድ ነው።

የኢሜል ቡድኑ ተከፈተ። የፈራሁትም ደረሰ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ፈልጎ አያገኘውም ነበር። እኔም በተገኘው አጋጣሚ ሁሉ ፊደላቱ በፍለጋ ላይ አንድ ይሁኑ እያልኩ እጮኻለሁ። እሷ ትስቃለች። «ሁሉንም አንድ ካደረግሃቸው የእኔን ደብዳቤ ከእነዚህ ጎረምሶች ደብዳቤ በምን ትለየዋለህ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ የሚጤሰውን ማሽን በካርቶን እያራገበችልኝ።

«በጭቅጭቁ» አልኳት።

በመካከሉ ታመመች። ከቤቷ ትንሽ ጊዜ ጻፈች፤ ከዚያ ደብዳቤዋ ቀረ። የቀሩትን ቃላት ሌሎች ሰበሰቧቸው። ፕሮግራሙ አለቀ፤ ዛሬም ሰው ይጠቀምበታል።

ባለፈው ሳምንት ተማሪው ጻፈልኝ። ተማሪ አልኩህ እንጂ አሁን የብዙ ልጆች አለቃ ነው። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አዲሱ ድረ ገጻችን ልክ እርስዎ እንዳሉት ይፈልጋል። የድሮውን ደብዳቤ በሙሉ አስገብተነዋል፤ ቅዳሜ የኢሜል ቡድኑን እንዘጋለን።»

ከፍቼ «ሥራ» አልኩ። «ስራ»ም መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ትክክል ነበርኩ። ቀጥሎ ምን ልጻፍ ስል እጄ በራሱ «ደኅና» ብሎ ጻፈ፤ ጸሐፊዋ ደብዳቤዋን የምትዘጋው በዚያ ቃል ነበር። የሁሉም ሰው «ደህና» እና «ደሕና» ተግተልትሎ መጣ፤ የማላውቀው ጎረምሳ ሁሉ ሰላምታ። እሷ ከመካከላቸው የት እንዳለች ጠፋኝ።

ወደ አሮጌው ቡድን ሄጄ ያንኑ ቃል ጻፍኩ። እሷ ብቻ መጣች። አንዱ ደብዳቤ ከሌላው በታች፣ ሁሉም የእሷ። ከመካከላችን ብዙኃኑን ኀ ፈልጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስልክ አነሳሁ። «እንዳትዘጉት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ አዲሱ ላይ አለ።»

«የለም!»

«ምንድን ነው የጎደለው? ይንገሩኝና አሁኑኑ ላስተካክለው።»

ምን ብዬ ልንገረው? ዘለፍኩትና ዘጋሁበት። የራሴን ፈተና ያለፈ ዕቃ ነው የሠራልኝ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ቅዳሜ ነገ ነው። ሞደሙ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ደብዳቤዋ ተከፍቷል። አጭር ነው።

«ኀን ጨርሻለሁ። ነገ ከ‹ነ› እንጀምራለን። ደኅና እደሩ።»