አጎቴ የቀበሩት ሞተር

ከአጎቴ ነገር ሁሉ የማይረሳኝ ከዘራቸው ነው። ቦንጋ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው መሬቱን መታ መታ ያደርጉና «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ይሉ ነበር። በመንግሥት ለውጡ ሰሞን፣ የሚሠሩበት ጣውላ መሰንጠቂያ እንዳይዘረፍ፣ ሞተሩን በግራሶ ለቅልቀው እዚያ ቀብረውታል።

ቦታው ለሕንፃ ሲታጠር እኔ ወደምሠራበት ማዘጋጃ ቤት መጡና ለግንባታው ኢንጂነር «ሥሩ ሞተር አለ፤ በቀስታ ቆፍሩ» አሉ። አፈርኩባቸው። ኢንጂነሩን «ይቅርታ፣ አርጅተው ነው» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አስወጣኋቸው። ዳግመኛ በዚያ መንገድ አላለፉም።

አርባቸው ሳይወጣ ስካቫተሩ ሞተሩን ለሁለት ሰበረው። ግራሶው እንኳ አልደረቀም ነበር። ኢንጂነሩ ደውሎ «አጎትህን አምጣቸው፤ ሌላም ካለ ያሳዩን» አለኝ።

ከዘራቸው በሩ ጀርባ ቆሟል። ያን ቀን፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ይቅርታ የጠየቅሁት ኢንጂነሩን ነበር።