የጠፋብኝ ስልክ ቁጥር

ፖሊሶች የያዙኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ሳርም ነው። ትምህርት ቤታችን ከጉርድ ሾላ ብዙም አይርቅም። «ለጥቂት ደቂቃ ፈልገንህ ነበር» አሉኝ። የቀይ እስክርቢቶዬን ክዳን እንኳ ሳልገጥም ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ በረኪና በረኪና የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ጠየቁኝ። ሲጨርሱ አንዱ ፖሊስ ስልኩን አወጣና «ለቤተሰብህ ልደውልልህ፣ ቁጥር ንገረኝ» አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣልኝም።

«የሚስትህን ስልክ አታውቅም?» ብሎ ሳቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«አልጠፋብህም» አሉ። «ሰው ሲፈራ አእምሮው የሚያስበው ማምለጥን ብቻ ነው። ያወቀው ነገር እዚያው አለ፤ መድረስ ነው የሚያቅተው። ይህን ሳስተምር ኖሬያለሁ። ክፍል የምገባው ግን እኔም ዱላ ይዤ ነበር።»

ቁጥሩን ተዉትና ስለ ሚስቴ ይጠይቁኝ ጀመር። ገርጂ ልብስ ትሰፋለች አልኳቸው።

«ከታክሲ ስትወርድ ምን ታያለህ?»

ፋርማሲውን፣ የአሸዋ ክምሩን፣ የሱቋን ሰማያዊ በር ነገርኳቸው። በሩ ላይ ስልኳን በነጭ ቀለም የጻፍኩላት እኔው ነኝ። ቁጥሩ ከመጨረሻው ጀምሮ ቀስ በቀስ መጣልኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት፣ ከመያዜ በፊት፣ አንዲት ተማሪዬን ሰሌዳ ፊት አቁሜ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሳቀባት፣ «ትናንት የሠራሽው ዛሬ የት ገባ?» ብያት ነበር። ጠመኔውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስንፍና መስሎኝ ነበር።

አዛውንቱ እስክጨርስ ሰሙኝ። «ስትወጣ ልጅቷን ታገኛታለህ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ያው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። አስታውሼዋለሁ አልኩት። ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ተያዘብኝ።

«ቶሎ በል እንጂ!»

አዛውንቱ እግራቸው አብጧል። ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «ልጄ፣ ጊዜ ስጠው» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እየጮህክበት አያስታውስም።»

ፖሊሱ አፈጠጠባቸው። እሳቸውም አልተቀመጡም። ፖሊሱ እስክጨርስ ጠበቀኝና ደወለ። ሚስቴ ወዲያው አነሳች።

እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። እሳቸውን ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል፤ የት እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ልጅቷን ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ «ችግር የለውም፣ ቲቸር» አለች። ዓመቱ እስኪያልቅ ግን አንድም ቀን እጇን አላወጣችም። አሁን ሌላ ትምህርት ቤት ናት።

ዛሬ ዛሬ ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ ዝም ሲልብኝ፣ ሌሎቹን ደብተራቸው ላይ እንዲሠሩ አዝዤ አጠገቡ እቆማለሁ። አንዳንዴ ይመጣለታል። ካልመጣለትም «ነገ እናየዋለን፣ ተቀመጥ» እለዋለሁ።