ሁለት የመሰለ አንድ ጊታር

ግራ ጆሮዬ የጠፋው በአንድ ሌሊት ነው። ማታ ደህና ሆኜ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ በግራ በኩል ጭር ብሏል። ውሃ የገባበት መስሎኝ ጭንቅላቴን ደጋግሜ ነቀነቅኩ። በጥጥ ጠረግኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስል ቆይቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ በመሣሪያ ካየችኝ በኋላ «ነርቩ ነው፤ ያኔውኑ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለችኝ። የሰጠችኝን መድኃኒት ውጬ ጨረስኩ። ጆሮዬ ግን አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ሐረር ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ነው የመጣሁት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአንድ ትንሽ ባንድ ጋር ሠርግ ላይ ሊድ ጊታር እጫወት ነበር። አራት ነበርን። የባንዱ መሪ ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው፤ የሐረር ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ተቆጥቶ የማይቆይ ሰው። በዚህ ከተማ ጓደኛህ ማነው ብባል የምጠራው እሱን ብቻ ነበር።

ስለ ጆሮዬ ለማንም አልተናገርኩም። ጊታር የሚመታ ሰው ጆሮው ጠፋ መባሉ አሳፍሮኝ ይሆናል። ደግሞ ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ከተመለሰ ወሬውን ማስቀደም ምን ይጠቅመኛል ብዬ።

በአንድ ጆሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ነገሩን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፦ ድምፅ አንዱ ጆሮ ጋ ትንሽ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አእምሮ ያቺን ልዩነት ይዞ «ከዚያ በኩል ነው» ይላል። አሁን በራሴ ላይ አየሁት። ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ በየት በኩል እንደሚመጣብኝ ስለማላውቅ መሐል መንገድ ላይ ደርቄ መቆም ጀመርኩ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ በጫት መርቅነሃል እንዴ!» ብሎኝ አለፈ። መምህራን ክፍል ውስጥ በግራዬ የሚቀመጠው የታሪክ መምህር ደህና አደርክ ሲለኝ ዝም እለው ነበር አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ታገሰኝ፤ ከዚያ እሱም ተወኝ። «ኮርቷል» መባሌን የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ከሁሉ የባሰው ባንዱ ላይ ነበር። ኪቦርዱ መድረክ ላይ የሚቆመው በግራዬ ነው። ዘፈን ሊያልቅ ሲል «ዝጋ!» ብሎ ይጠራኛል፤ እኔ የለሁም። አንድ ሠርግ ላይ ሁሉም አቁመው እኔ ብቻዬን ስመታ ተገኘሁ፤ ሙሽራው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ዕቃ ስንጭን ጓደኛዬ መጣና

«ምነው አንተ? ስጠራህ አትሰማም እንዴ?» አለኝ።

«ጩኸቱ በዝቶብኝ ነው» አልኩት።

ጥቂት አየኝ። «እሺ» አለና ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ። ከዚያ ሠርግ በኋላ አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩም።

በእግር የሚረገጠው የጊታር ፔዳል የመጣልኝ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ገና ደህና ሳለሁ፣ ድሬዳዋ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ አንድ ሰው እንዲፈልግልኝ ጠይቄው፣ ረስቼው ነበር። ደብለር ይሉታል። አንዱን ጊታር ሁለት የሚያስመስል መሣሪያ ነው። ሁለት መውጫ አለው፤ በአንዱ የመታኸውን እንዳለ ያወጣዋል፤ በሌላው ያንኑ ድምፅ ዓይን ከመጨፈን ባነሰ ጊዜ አዘግይቶ፣ ቅኝቱንም እንደ ፀጉር ያህል አዛንፎ ይለቀዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ዜማ አብረው ሲመቱ መቼም እኩል አያርፉም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። መሣሪያው የሚሠራው ያቺን አለመገጣጠም ነው። አንዱን አምፕ፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ስታቆም ጊታሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሰፋል። ይሰፋል ይባላል እንጂ እኔ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱን ትንንሽ አምፖቼን ከክፍሌ ሁለት ጥግ አቁሜ ሞከርኩት። የሰማሁት የቀኙን ብቻ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስመታ ደግሞ ሌላኛው ቀኝ ሆነና እሱን ሰማሁ። እንዲህ እየዞርኩ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ሳዳምጥ አመሸሁ። ሁለቱን በአንድ ላይ መስማት ግን አልሆነልኝም። ጊታሩን አልጋ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የግቢው ባለቤት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ሐረር ተወልደው ሐረር ያረጁ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ትኖራለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰላምታና ከመብራት ወሬ ያለፈ ብዙ አላወራንም። በእጃቸው ትሪ ይዘዋል፤ ማር የፈሰሰበት ፈጢራና ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለበት።

«እንግዳህ ተነሣ?» አሉኝ፣ በትከሻዬ ላይ ወደ ውስጥ እያዩ።

«የምን እንግዳ?»

«አቦ፣ አትደብቀኝ! ትናንት ከአንተ ጋር ጊታር ሲመታ ያመሸው ነዋ። እኔስ ደስ ነው ያለኝ። ሰው እዚህ ቤት ሲገባ አይቼ አላውቅም።»

«እማማ፣ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ሁለት ሰው ነው የሰማሁት። አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በበሩ። ጆሮዬ እንደሁ ገና አልደከመም!»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ደንግጠው ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ነገርኳቸው። ስለ ጆሮዬ፣ ስለ ባንዱ፣ ትናንት ፊቴን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሳዞር ስለማምሸቴ።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ስምንት ወር።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለእርስዎ።»

ፈጢራውን በእጃቸው ቆርሰው «በል እንግዲህ፣ የእንግዳህንም ድርሻ አንተው ትበላታለህ» አሉኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ሻዩ ሳያልቅ በርጩማውን ራሳቸው ጎትተው ከሁለቱ አምፖች መሐል አደረጉት። «እስቲ ምታው፤ እኔ ልንገርህ» አሉ። መታሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«አንደኛው ከኋላ እየሮጠ ይከተለዋል። እንደተረሳ ልጅ።»

ሁለተኛውን ድምፅ የሚያዘገየውን ማዞሪያ ጥቂት መለስኩት።

«አሁን ቀረበ። ግን ተጣልተዋል፤ አንዱ ሌላ ዜማ ይዟል።»

ቅኝቱን የሚያዛንፈውን ቀነስኩ። እንደገና መታሁ።

«ማሕሌት ቆመህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «በዚህ በኩል ቀኝ ጌታ፣ በዚያ በኩል ግራ ጌታ ከነጓዶቻቸው ይቆማሉ። ሕፃን ሆኜ ከእናቴ ጋር ስሄድ ዜማው ከሁለቱም ወገን መጥቶ መሐል ላይ ነበር የሚያገኘኝ። እንደዚያ ነው። እንዳትነካው።»

በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ይመጡ ጀመር። አንዳንዴ ሽንኩርታቸውን ይዘው መጥተው እየላጡ ይሰማሉ፤ እኔ እመታለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። የማላውቀውን ስፋት በእሳቸው ቃል አወቅኩት ልበል። አንድ ቀን ግን ሽንኩርቱን ትተው ቀና አሉና «ለዚያ ለኪቦርዱ ልጅ ለምን አልነገርከውም? ሰው ካልነገሩት ምን ያውቃል?» አሉኝ። እኔ ክር መቃኘት ጀመርኩ። ቢላዋቸውን አንሥተው ቀጠሉ።

ከፋሲካ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ስታገባ ጠሩኝ። የሚጫወተው የእኛ ባንድ መሆኑን አዳራሹ ስደርስ ነው ያየሁት። እኔ በነበርኩበት ቦታ አንድ ወጣት ጊታሪስት ቆሟል፤ ጥሩ ይመታል። ልመለስ ስል ጓደኛዬ ከመድረክ ወርዶ መጣና በቀኜ በኩል ቆመ። አውቆ ነው በቀኜ የቆመው።

«እማማ ነገሩኝ» አለ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔኮ የናቅከኝ ነበር የመሰለኝ። ደግሞ መጠጥ ጀመረ አሉኝ፤ አመንኩ።»

ከዚያ «አንድ ዘፈን ትመታለህ። እማማ ቤትህን አስከፍተው ጊታርህንም ያንን ዕቃህንም በባጃጅ አስመጥተዋል፤ እምቢ ብትል ከእሳቸው ጋር ተነጋገር» አለኝ። ሁሉም በቀኜ እንዲሆኑ ከመድረኩ በስተግራ ጫፍ አቆመኝ።

ሁለቱን የፔዳሉን ገመዶች ወደ አዳራሹ ድምፅ ማደባለቂያ ሰካሁና ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያው ሐረግ ጊታሩ ቆርቆሮ ሆነብኝ፤ ሆዱ ባዶ፣ ስስ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የአዳራሹ ድምፅ ግራና ቀኝ የለውም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያወጣው። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ትንሽ ተዘናፍተው በአንድ አፍ ሲወጡ እርስ በርስ ይበላላሉ። በቤቴ እማማ የተቀመጡበት መሐል ላይ ይገናኙ የነበሩት እዚህ ይጠፋፉ ነበር። በጭፈራው መሐል ጎንበስ ብዬ አንደኛውን ገመድ ነቀልኩት። ጊታሩ ሥጋ ለበሰ። ጓደኛዬ ከኪቦርዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠኝ፤ አብረን ዘጋን።

ስወርድ እማማ ክንዴን ያዙ። «አንደኛውን ለምን አባረርከው?»

«አዳራሹ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው፣ እማማ።»

«እኔ ሁለቱን ነበር የምፈልገው» አሉ፣ እንደ መቀየም ብለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ወጣቱ ልጅ ሲታመም አንድ ሠርግ ተተክቼ ሠራሁ። ባንዱ ግን ያለ እኔ መሄድ ለምዷል፤ ልጁም ደህና ሠራተኛ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ለታሪክ መምህሩ ስለ ጆሮዬ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ገርሞት «እኔኮ ትቼው ነበር» አለኝ። ወንበሩን በቀኜ በኩል አዞረ፤ አሁን ስለ ኳስ ያወራኛል፣ ኳስ እንደማላይ አልነገርኩትም።

እማማ ክረምት ሲገባ ዓይናቸው ታወከ። ልጃቸው መጥታ ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ለሁለት ሳምንት ነበር፤ ዓመት ሞላው። ቤታቸው ለአንድ ወታደር ቤተሰብ ተከራየ፤ ሚስቱ ሕፃን ይዛለች፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ ጊታሩን ቀንሼ ነው የምመታው። መሐል ላይ በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ አሁን አንድ አምፕ ብቻ እጠቀማለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ደውለው የሐረር ቅመም እንድልክላቸው አዘዙኝ፤ የአዲስ አበባው አይጣፍጥም አሉ። ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ ስገዛ ሰው ጠራኝ መሰለኝ፤ ከየት እንደሆነ ስላጣሁት ባለሁበት ቆሜ ዞርኩ። የአንድ ተማሪዬ እናት ናቸው። «በዚህ ጆሮዬ አልሰማም፤ በቀኝ በኩል ይምጡልኝ» አልኳቸው። «አብሽር፣ መምህር» አሉና ዞረው መጡ። ስለ ልጃቸው ውጤት እያወራን እስከ ግንቡ በር ድረስ አብረን ወጣን። እዚያ ተለያየን። ቅመሙን ለአውቶቡሱ ረዳት አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ጊታሩን አላነሳሁም፤ የሚታረም የፈተና ወረቀት ነበረብኝ።